በሐምሌ ፀሐይ አርባ ዲግሪ ከዜሮ በታች

ለምወድሽ እህቴ ለሄልካ፤

እንደምን ከረምሽ? የዚያ አገር ክረምት እንዴት ይዟችኋል? ባልሽ ክሬግ ወገቡን ተሻለው ወይ? ትንሿን ልጅሽን ኢንካንስ ያ ሳል ለቀቃት? እኔና ባለቤቴ ማርኬታ በጤናችን ደህና ነን፤ የእኛ የበጋ ሙቀት ግን አላስተኛ ብሎናል፤ የከተማችን የሶትካሞ ሰው ሁሉ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ነው የሚውለው። እማማ እንደተውሻቸው ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ እኔን ‹‹ጌታው›› ይሉኛል። አባባም ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ስለ አየሩ ብቻ አውርቼ የዘጋሁት በዚህ ምክንያት ነው። አፌ አልታዘዝ ቢለኝ በወረቀት መጣሁ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝምና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ነገሩ የጀመረው በአባባ መኪና ነው። ማክሰኞና ዓርብ እማማ ወዳሉበት ወደ ካያኒው የአረጋውያን መኖሪያ እየነዱ፣ እማማን አስገብተው ሐይቁን አንድ ዙር እንደሚያዞሯቸው ታውቂያለሽ። በሰኔ መጨረሻ ነርሷ ደወለችልኝና፣ እማማ ከሽርሽራቸው ሲመለሱ በሙቀት ፊታቸው አመድ መስሎ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም፣ ለመሆኑ የመኪናው ኤሲ አይሠራም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው ዕቃዬን ይዤ አባባ ግቢ ደረስኩ። መቼም ሠላሳ ዓመት ሊፍት ስጠግን የኖርኩ ሰው ብልሽት ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ አንቺም በዚህ ስትቀልጂብኝ ኖረሻል።

ሞተሩን ሳስነሣ ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን ቁጥር ማመን አቃተኝ። ውጪ አስፋልቱ በፀሐይ እየቀለጠ፣ መኪናው ‹‹አርባ ዲግሪ ከዜሮ በታች›› ይላል። አባባን ጠርቼ ባሳያቸው፣ ‹‹እኔ የማምነው የወጥ ቤቴን መስኮት ቴርሞሜትር ነው፤ እሱ ዋሽቶኝ አያውቅም። ለነገሩ በዚህ ሙቀት አንድ ሰው ብርድ ቢያስብልን ምን ከፋ?›› አሉኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ ወዲህ አብረን አልሳቅንም።

መጀመሪያ የኤሲው ጋዝ አልቆ ይሆናል ብዬ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ሙሉ ነው አሉኝ። ፊውዙን አየሁት፣ ጤነኛ ነው። ኤሲውን ለሚያሠራው ለኮምፕሬሰሩ ከባትሪው በቀጥታ መስመር ብሰጠው ተነሣ። እንግዲህ ዕቃው ደህና ከሆነ ‹‹አትነሣ›› የሚለው ሌላ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ያ ቁጥር ትዝ አለኝ። መኪናው ውጪው እንዲያ ብርድ ነው ብሎ ካመነ፣ ኮምፕሬሰሩ እንዳይጎዳ ብሎ ኤሲውን አያስነሣም። የውጪውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ደግሞ ሽቦው ከተቆረጠ አርባ ከዜሮ በታች ብሎ ቀጥ ይላል። የፊቱን ፓራውልት ፈትቼ ባየው እንዳልኩት ሆኖ አገኘሁት፤ የሴንሰሩ መያዣ ተሰብሯል፣ ቀጭኗ ሽቦ ተበጥሳ ጫፎቿ ሳይገናኙ በናስትሮ ተጠቅልለው ተሸጉጠዋል። አጠገቡ ያለው የሞተር ማሞቂያው መሰኪያ በአዲስ ብሎን ታስሯል። ዕቃ ቤት ገብቼ ብፈልግ ደግሞ የማሞቂያው ገመድ ጫፉ ተቦጭቆ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን እዚህ ላደገ ሰው አይነገረውም። በብርድ ጊዜ ሞተሩ እንዲሞቅ ከግድግዳ የሰካነውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይነቅሉ ነድቶ መሄድ ነው፤ ገመዱ ሲጎተት መሰኪያውንም አጠገቡ ያለውንም ገንጥሎ ይበጠሳል። ሁሉም ሰው በሌላው የሚያሾፍበት፣ እኔ ሠራሁት የሚል ግን የማይገኝለት ጥፋት።

እኔ ግን ማሾፍ አልመጣልኝም፤ ክው ብዬ ቀረሁ። እማማን እንዴት እንደጀመራቸው ታስታውሻለሽ፤ መጀመሪያ ምድጃውን ረሱ፣ ቀጥሎ የቤቱን በር፣ ቀጥሎ የእኛን ስም። አሁን ደግሞ አባባ! ረስተው ብቻ አይደለም፣ ደብቀውኛል አልኩ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ገብቼ፣ ‹‹አባባ፣ ገመዱን ሳይነቅሉ ነው የነዱት። ለምን አልነገሩኝም?›› አልኳቸው። አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። ‹‹ይህን ያህል እርግጠኛ ነህ?›› አሉኝ። ‹‹ብልሽት መፈለግ ሥራዬ ነው እኮ›› አልኳቸው፤ እንዲህ ያልኩበት ምላሴ በተቆረጠ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። እኔም ወሰድኩት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ደውዬ የማስታወስ ችሎታቸው እንዲመረመርና መንጃ ፈቃዳቸው እንዲታይ ለነሐሴ መጨረሻ ቀጠሮ አስያዝኩላቸው።

ሴንሰሩን ቀየርኩት። ዳሽቦርዱ ሃያ ዘጠኝ ብሎ እውነቱን ተናገረ፤ ኤሲውም እጅ የሚያደነዝዝ አየር ነፋልኝ። በራሴ ኮራሁ። መኪናው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግቢ አልወጣም። እኔ አባባን በራሴ መኪና የምወስዳቸው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ነርሷ እንደነገረችኝ፣ የማንንም ስም የማያውቁት እማማ ማክሰኞና ዓርብ ቦርሳቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ይቆማሉ።

ባለፈው ሐሙስ የአባባን ሣር ሳጭድ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኬርቱ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና፣ ‹‹የአባትህ የታይስቶ መኪና ምን ሆና ነው እንዲህ የተኮፈሰችው?›› አሉኝ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ የያዙትን የእንጆሪ ሳህን መሬት ላይ አስቀመጡ። ‹‹ታይስቶ ነው ያልከው? ኧረ በስመ አብ! አንተ ነህ እንጂ!›› አሉኝ። ‹‹በየካቲት በዚችው መኪና እህትህን አውሮፕላን ማረፊያ ልታደርስ ስትበር አይደለም እንዴ? እኔ በረዶ እየጠረግኩ ‹ገመዱ! ገመዱ!› ብዬ ስጮኽ አንተ ሆዬ እጅህን አውለበለብክልኝ! ሰላም ያልኩህ መስሎህ!››

ሄልካ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ አባባ ጩኸቱን ሰምተው በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ወጥተው ኖሯል። የተበጠሰውን ገመድ ሰብስበው ኬርቱን፣ ‹‹አደራሽን እንዳትነግሪው። ዛሬ እህቱን ሸኝቶ ሆዱ ባብቷል፤ በዚህ ላይ ደግሞ አናሳፍረው›› አሏቸው። በማግስቱ መሰኪያውን አሰሩ፤ ቀጭኗ ሽቦ የምን እንደሆነች ስላላወቁ በናስትሮ ጠቅልለው ተዉአት። መኪናውን ስመልስ ፊቱ በረዶ ለብሶ ስለነበር እኔ ምንም አላየሁም። አንቺ ግን አጠገቤ ነበርሽ። ከግቢው ስንወጣ ‹‹ምንድነው የጮኸው?›› ብለሽኝ፣ ‹‹ከጣራ የወረደ በረዶ ነው›› አላልኩሽም?

ቁልፉን ይዤ እየሮጥኩ ገባሁ። ‹‹አባባ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ነኝ!›› አልኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፣ ‹‹ይህን የምትለው ለእኔ ብለህ ነው፤ ኬርቱም ደግ ሴት ናት›› አሉኝ። ‹‹እኔው ነኝ ኦስሞ። ገመዱ ሲበጠስ ጧ ያለው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።›› እኔ ብምል ብገዘት፣ ኬርቱ መጥተው ቢጮኹባቸው፣ ወይ ፍንክች! ቁልፉን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ለሐኪሙም ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው መንጃ ፈቃዳቸውን በገዛ እጃቸው ሊያስረክቡ ቆርጠዋል። እኔ እርግጠኛ ሆኜ ስናገር አምነውኛል፤ አሁን ተሳስቼ ነበር ስላቸው አያምኑኝም።

ስለዚህ እህቴ፣ ለእኔ መልስ አትጻፊልኝ። ለእሳቸው ጻፊላቸው። በራስሽ እጅ፣ እሳቸው በሚወዱት ትልልቅ ፊደል። አጠገቤ ተቀምጠሽ የሰማሽውን፣ ምን እንደጠየቅሽኝና ምን እንደመለስኩልሽ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊ። ከቀጠሮው በፊት እንዲደርስ ፍጠኚልኝ። ከእኔ ሌላ መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

ክሬግን ከባድ ነገር አታንሣ ብሎሃል በዪልኝ። ኢንካን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችው የበግ ሥዕል ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፏል። ማርኬታ ናፍቆቷን ልካለች። ወይዘሮ ኬርቱ ሰላም ብለውሻል፤ ከእኔ ጋር ግን አልታረቁም። እማማን ስምሽን ጠርቼ ‹‹ሄልካ ሰላም ብላለች›› ስላቸው ፈገግ ብለዋል። አባባም ለአንቺ እየጻፍኩ መሆኑን ሲሰሙ ሰላምታቸውን እንዳደርስ አዘዙኝ፤ ‹‹ያን ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ሳደርሳት በደንብ እንኳ ሳልሰናበታት ቀረሁ በልልኝ›› አሉኝ።

ወንድምሽ ኦስሞ

ሶትካሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.