የወርቅ ፒር የተሸለምኩበት ሰማንያ ስምንተኛ ቀን

ቀን፦ ጁን 3 ቀን 2019

ለሥራና ጉብኝት ቪዛ ውሳኔዎች ክለሳ ክፍል ኃላፊ
ሜልበርን

አመልካች፦ ችዩ ፔይ-ጁ፣ የታይዋን ዜጋ

ጉዳዩ፦ ስምንት ሰዓት ሙሉ የፒር ፍሬ የለቀምኩበት ቀን «መዝናኛ» ተብሎ ከሥራ ቀኖቼ ስለተሰረዘ የቀረበ አቤቱታ

ክቡርነትዎ፣

1. እኔ አመልካች የታይናን ከተማ ተወላጅ ነኝ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ሰባት ዓመት ከእናቴ ጋር በጠዋት ገበያ ጓቫና ማንጎ ሸጫለሁ። የገባሁት ለወጣት ተጓዦች በሚሰጠው የአንድ ዓመት ቪዛ ነው። ሁለተኛ ዓመት የሚፈልግ ሰው በገጠር ሰማንያ ስምንት ቀን መሥራት እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል። ለምን ዘጠና እንዳልሆነ ወይም ሰማንያ እንዳልሆነ ጠይቄ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልተከራከርኩም።

2. ከዲሴምበር ጀምሮ በኮልተርስ ብሪጅ ከተማ በአቶ ግሌን ሄዝሊ እርሻ ላይ በመጀመሪያ አፕሪኮት፣ ቀጥሎም ፒር ስለቅም ቆየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ አለኝ። በየቀኑ የለቀምኩበትን የዛፍ መስመር፣ የሞላሁትን ሳጥንና የአየሩን ሁኔታ ጽፌያለሁ። ሳጥን ስል ቁመቱ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ በፎርክሊፍት ካልሆነ የማይነሳ የእንጨት ሳጥን ነው። መሥሪያ ቤትዎ በሜይ 14 በጻፈልኝ ደብዳቤ ሰማንያ ሰባቱን ቀን አንድ በአንድ አረጋግጦ ተቀብሏል፤ አመሰግናለሁ። የተቀበለው ግን ሰማንያ ሰባቱን ብቻ ነው። ክርክራችን በአንዲት ቀን ላይ ነው፤ ቅዳሜ ማርች 16።

3. በዚያ ቀን የከተማው የመከር በዓል ነበር። በበዓሉ ላይ «የወርቅ ፒር» የሚባል የለቀማ ውድድር ይካሄዳል። ውድድሩ ሁለት ምድብ አለው። የከተማው ተወላጆች የሚወዳደሩት ለሃያ ደቂቃ ሲሆን፣ የሚሞሉትም አንድ ባልዲ ነው። ያሸነፈው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጀርባው ተይዞ በወንበር ተሸክመው ወሰዱት። ሁለተኛው ምድብ «ባለቦርሳዎች» ለምንባለው ለእኛ ለተጓዦች የተዘጋጀ ነው። የእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል። የሚሞላውም ሳጥኑ ነው። ቦታው የአቶ ግሌን እርሻ፣ ዛፉ የአቶ ግሌን ዛፍ፣ መሰላሉም በዋዜማው የወጣሁበት መሰላል ነው። ልዩነቱ ዙሪያችንን ሰው ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ፣ በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ እየበላ፣ ቀዝቃዛ ቢራ እየጠጣ ማየቱ ብቻ ነው።

4. በዋዜማው ዓርብ አቶ ግሌንን ጠይቄዋለሁ። በማስታወሻዬ ላይ እንደሚከተለው ሰፍሯል፦ «ግሌን፣ ነገ ሰማንያ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ውድድሩ ከሥራ ቀን ይቆጠርልኛል?» እሱም፦ «ምን ጥያቄ አለው ፔጊ! እንደማንኛውም ቀን ነው፤ ኮፍያሽን ብቻ እንዳትረሺ።» ፔጊ ማለት እኔ ነኝ። አቶ ግሌን ፔይ-ጁ ማለት ምላሱን ስለሚያደክመው በመጀመሪያው ሳምንት ያወጣልኝ ስም ነው።

5. በውድድሩ ዕለት የሆነውን በአጭሩ አቀርባለሁ። ማይክሮፎን የያዘው የከተማው የከብት ጫረታ መሪ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፦ «እዩዋት ፔጊን! ማሽን ናት እኮ! እንዲያውም ከማሽን ትሻላለች፣ ነዳጅ አትጠይቅም!» አለ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ከጎኔ ባለው መስመር የሚለቅመው የቤርጋሞው ጣሊያናዊ ሎሬንዞ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ «አንቺ ሴትዮ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ሰኞ ከአንቺ እኩል ልቀሙ ሊሉን ነው!» እያለ ይጮህብኝ ነበር። «አንተ ሰኞ እዚህ ትኖራለህ፤ እኔ ግን አልኖርም» አልኩት።

አምስት ሰዓት ላይ አቶ ግሌን ራሱ የመለኪያ ቀለበቱን ይዞ ወደ ሳጥኔ መጣ። በቀለበቱ የሚያልፈውን ትንሽ ፒር አንድ ሁለት አወጣና ጣለ። ከዚያም ከሕዝቡ ፊት፦ «ፔጊ! ይሄ ጭራው ተነቅሏል! ወደ ላይ አንስተሽ አጠፍ ነው እንጂ መጎተት አይደለም፤ ስንቴ ልንገርሽ? ጭራ የሌለው ፍሬ ሱፐርማርኬቱ አይቀበለኝም!» አለኝ። ጭራ የሚለው ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠልበትን ቀጭን እንጨት ነው። ክቡርነትዎ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ኳስ የሚጫወት ልጅ ሱፐርማርኬት ኳሱን እንደማይቀበል ተነግሮት ያውቃል?

6. ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊሽካ ተነፋ። ዐሥራችን አርባ አንድ ሳጥን ሞላን፤ ስድስቱ የእኔ ናቸው። ከንቲባው የወርቅ ቀለም የተቀባ የጀሶ ፒርና በግንባታ ዕቃ መደብር የሚያገለግል ኩፖን ሸለሙኝ። ለተሸነፉት ዘጠኙ አንዳንድ ቋሊማ ደረሳቸው። ጭብጨባው ሳያበቃ የጭነት መኪና መጥቶ አርባ አንዱንም ሳጥን ወደ ማሸጊያው ፋብሪካ ወሰደ። ለመኪናው ያጨበጨበ ሰው የለም።

7. እሑድ ዕለት ሎሬንዞ «አንድ ቀን ጨምሪበት፤ ለመጠባበቂያ ይሆንሻል» ብሎ መክሮኝ ነበር። እኔም «ግሌን ነግሮኛል፣ አልቋል» አልኩት። ሰኞ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሜልበርን ገባሁ፤ ማመልከቻዬንም አስገባሁ። ጥፋት ካለብኝ ይህ ነው፤ አልክድም። ሰባት ዓመት ሙሉ ለደንበኛ አንድ ጓቫ ሳልመርቅ ያልሸኘሁ ነጋዴ፣ ለመንግሥት አንዲት ቀን አልመረቅሁም። ቪዛዬ አፕሪል 2 አበቃ። ዛፎቹም ባዶ ናቸው። ያቺን ቀን አሁን ሄጄ የምሠራበት ቦታ የለም።

8. መሥሪያ ቤትዎ ስለ ማርች 16 አቶ ግሌንን በደብዳቤ ጠየቀ። አቶ ግሌንም «ቅዳሜ በዓል ነበር፤ ልጆቹ ሲጫወቱ ዋሉ፤ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም» ብሎ መለሰ። ልጆቹ ከተባልነው መካከል እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤትዎም ይህን አምኖ ቀኑን «ያልተከፈለበት መዝናኛ» ሲል ሰረዘ።

ለአቶ ግሌን ስልክ ደወልኩለት። «ግሌን፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«ኧረ ምንም አላደረግሽኝም! ሥራ ነው ብዬ ብጽፍ እኮ የዐሥራችሁንም የቀን ክፍያ አምጣ የሚለኝ ይመጣል። ደሞ አንቺ ያሸነፍሽ ሰው፣ ምን ጎደለሽ?»

«ቪዛ።»

«እሱንማ መንግሥትን ጠይቂ፣ የኔ እመቤት።»

ስለዚህ እየጠየቅሁ ነው።

9. በአቶ ግሌን ላይ ቂም የለኝም። የንግድ ሰው ነው፤ እኔም የንግድ ሰው ነኝ፤ የተናገረውን ለምን እንደተናገረ ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲያውም በየዓመቱ ለላሞች የሚደፋቸውን ጭራቸው የተነቀለና የተጫጫሩ ፒሮች እኔ ልገዛው ተስማምተናል። እኛ አገር ጠንከር ያለ ፍሬ ተቆርጦ ጎምዛዛና ጨዋማ የፕሪም ዱቄት ይነሰነስበታል። ለሎሬንዞ አንድ ጊዜ አቅምሼው «ይሄ ምንድነው? በፍሬ ላይ ጨው?» ብሎ ፊቱን ካኮሳተረ በኋላ ሳህኑን ጨርሶብኛል። ከመጪው ኖቬምበር ጀምሮ በኮልተርስ ብሪጅ የቅዳሜ ገበያ አንድ ጠረጴዛ ተከራይቻለሁ፤ ውሉ ተያይዟል። ይህን የምገልጸው ለልመና አይደለም፤ የምመለስበት ቦታ ስለሌለኝ ነው። ታይናን ያለውን የገበያ ድርሻዬን ለወንድሜ ለቅቄ ነው የመጣሁት። አሁን በእኔ ጥግ ላይ ሚስቱ የስልክ ሽፋን ትሸጥበታለች። እናቴ በስልክ «ነይ፣ አንድ ጥግ አይጠፋም» ትለኛለች። ያቺን ገበያ አውቃታለሁ፤ የተረፈ ጥግ የላትም።

10. ክፍያን በተመለከተ፣ የኩፖኑ ዋጋ በተራ ቀን ለቅሜ ከማገኘው ይበልጥ ነበር። በኩፖኑ የገዛሁት የሥራ ጓንትና የዝናብ ቦት ጫማ ነው፤ የተዝናና ሰው የሚገዛው ዕቃ አይመስለኝም። ስለ ቀኑ ማስረጃ ደግሞ የሽልማት የምስክር ወረቀቴ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ፔጊ ችዩ ማርች 16 ቀን በሄዝሊ እርሻ በስምንት ሰዓት ውስጥ ለገበያ ደረጃው የበቃ ስድስት ሳጥን ፒር ለቅማለች።» ከሥር የእርሻው ባለቤት ፈርሞበታል። ሰማንያ ሰባቱን ቀን ባረጋገጡት ቅጾች ላይ ያለው ፊርማ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ እንዲያውም በቅጾቹ ላይ ሰዓትም የሳጥን ብዛትም ስላልተጻፈ የሽልማቱ ወረቀት ከሁሉም የተሟላ ነው። መሥሪያ ቤትዎ በዚያ ፊርማ ሰማንያ ሰባት ጊዜ አምኖ በሰማንያ ስምንተኛው የተጠራጠረው፣ ወረቀቱ ዙሪያውን አበባ ስለታተመበት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለሆነም ክቡርነትዎን በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) ማርች 16 ቀን 2019 የሥራ ቀን ሆኖ እንዲቆጠርልኝና የሁለተኛ ዓመት ቪዛዬ እንዲፈቀድልኝ፤

ለ) ይህ የማይቻልና ቀኑ በእርግጥ ጨዋታ ሆኖ ከተገኘ፣ ጨዋታ ሲያልቅ ተጫዋች የራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባልና፣ አቶ ግሌን ሄዝሊ ስድስቱን ሳጥን ፒሬን እንዲመልስልኝ እንዲታዘዝልኝ ነው። ነጋዴ ስለሆንኩ የት እንደምሸጣቸው አላጣም። የምቀበላቸው ግን ከነጭራቸው ነው።

አባሪ፦ የዕለት ማስታወሻዬ ቅጂ፣ የሽልማት የምስክር ወረቀት፣ የጠረጴዛ ኪራይ ውል፣ እንዲሁም የወርቅ ቀለም የተቀባው የጀሶ ፒር። ይህ የመጨረሻው ለኖቬምበር በጠረጴዛዬ ላይ ስለሚያስፈልገኝ ታይቶ ሲያበቃ እንዲመለስልኝ፤ ቀለሙም በቀላሉ ስለሚለቅ በእርጥብ እጅ እንዳይነካ።

ከአክብሮትና ከትዕግሥት ሰላምታ ጋር፣

ችዩ ፔይ-ጁ
(በኮልተርስ ብሪጅ ፔጊ)
ፊርማ