ነሐሴን የጨመርኩት እኔ ነኝ

ወንጪ
ሰኔ 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ፀዳለ፣

እንደምን ከረማችሁ? የአባባ ወገብ እንዴት ሆነላቸው? ከአልጋ መነሳት ጀመሩ ወይስ አሁንም አንቺው ነሽ የምታገላብጫቸው? ዱሬቲስ? ሦስት ዓመት የሞላት ዕለት ያስነሳሻትን ፎቶ ከማየቴ ብዛት ጠርዙ ተልጧል። እኔ ደህና ነኝ። ከላይ መፈክር ያልጻፍኩት ረስቼ እንዳይመስልሽ፤ ቀኑን ሙሉ ለአውራጃው ስጽፈው ስለምውል ለሚስቴ ስጽፍ እንኳ ልረፍ ብዬ ነው። መምህር ወሰኑ ጠመኔና ደብተር ሊያመጣ አምቦ ስለሚወርድ ደብዳቤውን እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ወደ ነገሩ ልግባ። በሐምሌ መጀመሪያ ጎባ እደርሳለሁ ያልኩሽ ቀርቷል። እንደምታውቂው ዘንድሮ በመንደር ምሥረታው ምክንያት ትምህርት ቤታችን ዘጠኝ ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ተማሪው ሳር ሲሸከም፣ እኛ መምህራን ምሰሶ ስናቆም ከረምን፤ የጥር ዕረፍቴም በዚያው አለቀ። አሁን ደግሞ አውራጃው የባከነው ጊዜ ይካካስ ብሎ የትምህርት ዘመኑን አራዝሞታል። ቅዳሜም እናስተምራለን፣ ክረምቱንም እናስተምራለን፣ እስከ ነሐሴ ሃያ ድረስ። ትእዛዝ ነው፤ ምን ይደረጋል።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩና ደጅ ወጥቼ ዝናቡን ሳይ ቆየሁ። ተመልሼ ሳነበው አፈርኩ። ፀዳለ፣ አንቺን መዋሸት አልችልበትም። አውራጃው ያዘዘው እስከ ሐምሌ ሠላሳ ብቻ ነው። ነሐሴን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። ባለፈው እሑድ ትእዛዙን ላነብላቸው ወላጆችን ሰበሰብን። አንብቤ ስጨርስ ያጨበጭባሉ ወይም ያጉረመርማሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኦቦ ገቢሳ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ። ገበሬ ናቸው፤ ከሐይቁ ማዶ ሁለት ልጆች በጀልባ እያሻገሩ ይልኩልናል።

«ሐምሌ ብቻውን ምን ያደርጋል?» አሉ። «ልጆቻችንን ቤት ይሥሩ ብላችሁ ወሰዳችኋቸው። እሺ፣ ቤቱ ቆመ። ልጄ ግን በመስከረም ያነበበችልኝን ገጽ ዛሬ ማንበብ አቅቷታል። ማሎ ዲሬክተር፣ እባክህን ነሐሴንም ጨምርልን። አረሙን እኛ ትልልቆቹ እንወጣዋለን። አንድ ልጅ ከክፍል አንጠራም።»

አንቺ የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ይህ ቀላል ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ግን ጊንጪ ገበሬ ቤት ነው ያደግሁት። በአረም ወቅት ልጁን ለትምህርት ቤት የሚለቅ አባት አይቼ አላውቅም፤ የኔም አባት አልለቀቀኝም። ወሰኑ ሻንጣዬን ካሰርኩ ሳምንት እንደሆነኝ ስለሚያውቅ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «ኧረ ዲሬክተሩ ቤተሰብ አለው፤ ዓመት ሙሉ ልጁን አላያትም» ብሎ ጀመረልኝ። እኔ ደግሞ እጄን አውጥቼ «እንጨምራለን» አልኩ። ወሰኑ እስካሁን አኩርፎኛል፤ የሱንም ነሐሴ አብሬ ስለበላሁበት ነው እንጂ ለኔ አዝኖ ብቻ አይደለም።

ልጅቱን፣ የኦቦ ገቢሳን ልጅ፣ አራተኛ ክፍል አስተምራታለሁ። በኅዳር ማካፈልን ከኔ ቀድማ ትጨርስ ነበር። ሰሞኑን ወደ ሰሌዳው ጠራኋት። ጠመኔውን ይዛ ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ሳቀች። ድሮ የሌላ ሰው የነበረ ነገር የተጠየቀች ያህል ነው የሳቀችው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ድምፄ ስለማይሰማ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ በእጅ ምልክት ነው የማስተምራቸው፤ አንድም ልጅ ግን አይቀርም።

አሁን የምትይኝን አውቃለሁ። «የሰው ልጅ ስታስተምር የራስህን ማን ያሳድጋት?» ነው የምትይው። የዝውውር ፎርሙን ዘንድሮም ሞልቻለሁ፤ የሚመጣውን መልስ ከኔ እኩል ታውቂዋለሽ። አባትሽ አልጋ ላይ እያሉ እናንተ ኑ ማለትም አልችልም።

የከበደኝ ሌላ ነው። አምናን ታስታውሻለሽ? ሐምሌን ሙሉ ሸሸችኝ። «አባትሽን ሳሚ» እያላችሁ ወደኔ ስትገፏት እየጮኸች አባባ ጉያ ትገባ ነበር። በነሐሴ ለመደችኝ። መጨረሻ ላይ እንዳልሄድ ጫማዬን መደበቅ ጀምራ ነበር፤ በመስከረም ሄድኩ። ዘንድሮ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። በሁለት ሳምንት የምትሸሸኝ ጊዜ ብቻ ነው የሚደርሰኝ፤ የምትለምደኝ ጊዜ አይደርሰኝም። እጄን ሳወጣ ይህን አላሰብኩም። ቤት ገብቼ ሻንጣውን ስፈታ፣ የገዛሁላት ቀይ ሹራብ እጄ ላይ ሲቀር ነው የገባኝ። አለቀስኩ ፀዳለ፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ነገ ስብሰባው እንደገና ቢጠራ ምን እንደምል ብትጠይቂኝ ግን ያው እጄን የማወጣ ይመስለኛል። በዚህ ከተቆጣሽኝ ተቆጪኝ፤ ዝም ብቻ አትበይኝ።

ካርድ ሰጥቼ ነሐሴ ሃያ አራት ጎባ እገባለሁ። እስከዚያው እግዚአብሔር አባባን በእግራቸው ያቁምልኝ። አንቺንም ከድካም ይጠብቅሽ፣ የምትይዥውን ሁሉ ያቅልልሽ። ዱሬቲንም ከክረምት ጉንፋን ይሰውርልን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ባለፈው ደብዳቤሽ ዱሬቲ እንግዳ በመጣ ቁጥር በርጩማ እየጎተተች «ቁጭ በሉ» እንደምትል፣ ማንንም እንደማትፈራ ጽፈሽልኝ ነበር። እና ስመጣ «አባትሽ መጣ» አትበያት። አባባም እንዳይሏት አደራ። እንግዳ መጣ በሏት። ቁጭ ካልኩ በኋላ ማን እንደሆንኩ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።

ያንቺው
ሞቱማ