ለዛፍ ዋስ ሲቆሙ የኖሩት እማማ ዋስ

ሁላችንም እማማ ዋስ እያልን የምንጠራቸው አክስታችን ከባቡር ጣቢያ ጠባቂው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው፣ ጨረቃ መጉደል በጀመረችበት ሳምንት ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። አባታቸው ግን ድንች የሚተከለው ጨረቃ ስትጎድል ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ የልጃቸውን መወለድ የሰሙት እጃቸው አፈር እንደሆነ ነው። አክስታችንም ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ፣ "ከድንቹ ጋር እኩያ ነኝ" ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ እናታቸው ሲያርፉ አቋረጡ። ከዚያም በሆስፒታል የስፌት ክፍል ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሕሙማን አንሶላና የሐኪሞች ጋውን ሲሰፉ ኖረዋል። የስፌት መኪና ድምፅ ቲማቲም ያሳድጋል ብለው በጣሳ የተከሉትን ከመኪናቸው አጠገብ ያስቀምጡ ነበር። አለቃቸው ጣሳውን ሊያስነሡ መጥተው፣ ቲማቲሙን ቀመሱና ጣሳውን እዚያው ትተውት ሄዱ።

ችግኝ ሲሰጣቸው አያመሰግኑም፤ የተመሰገነበት ችግኝ አይጸድቅም ባይ ነበሩ። በዚህም ምክንያት ኩሩ ናቸው ተብለው ታምተዋል። ያሙዋቸው ሰዎች ግን የሰጡት ችግኝ ሲያፈራ፣ ፍሬው በሳህን ተሸፍኖ ደጃቸው ድረስ ይመጣላቸው ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው የሆስፒታሉን በርና መስኮት ይጠግኑ ከነበሩት አናጺ ጋር ትዳር መሠረቱ። አናጺው በሜትር ያልለኩትን የማያምኑ ሰው ናቸው። በግቢያቸው የነበረው የኮክ ዛፍ አላፈራም ሲል ግን የሚስታቸውን ቃል ሰሙ። በልግመኛ ዛፍ ላይ መጥረቢያ ተነሥቶ ይዛትበታል፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰው መሀል ገብቶ፣ "ተወው፣ ለዘንድሮ ዋሱ እኔ ነኝ" ይላል። ዛፉም ይሰማል፣ ያፍራል፣ በዓመቱ ያፈራል። አናጺው ዛቹ፣ አክስታችን ዋስ ሆኑ። ዛቻው የሚያስፈራ ነበር፤ ግድግዳው ሥር የተደረደረውን ጣውላ ዛፉም ያየዋል።

አንድ ዓመት አክስታችን ከሥራ ቢዘገዩ፣ አናጺው መጥረቢያቸውን እንዳነሡ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዛፉ ሥር ቆመው ተገኙ። ዋስ ሳይመጣ ካወረድኩት ዛፉ ይንቀኛል ብለው ነው። የማያምኑት ሰውዬ! ከዚያ ወዲህ ሎሚው እንቢ ያለው፣ ወይኑ የለገመበት ጎረቤት ሁሉ ዋስ ሁኑልን እያለ ይወስዳቸው ጀመር፤ ስማቸውም በዚያው ጸና።

ኮኩ ሲያብብ ቤቱ በሮዝ ብርሃን ይሞላል። አበባው ቤት በሚሰፉበት ክፍል በመስኮት እየገባ ጨርቃቸው ላይ ያርፋል፤ የረገፈ አበባ መጥረግ ፍሬ ያስቀራል ስለሚሉ ሳያራግፉት ይሰፋሉ። ልጅ ሆነን እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ ክፍል ነበር፤ ስንነቃም ፀጉራችን ላይ አበባ እናገኛለን።

ልጅ አልወለዱም። ይህ እንዲታለፍ እሳቸው አይፈልጉም ነበር። በትዳራቸው በስምንተኛው ዓመት የባለቤታቸው ታላቅ እህት መጥተው፣ "ለማያፈራ ዛፍ ውሃ ማፍሰስ እስከ መቼ ነው?" ሲሉ፣ አክስታችን ጓዳ ሆነው ሰምተዋል። አናጺው አንገታቸውን ደፍተው ጣውላቸውን መላጉን ቀጠሉ። ሚስታቸውን አልፈቱም፣ ክፉ ቃልም አልተናገሩም፤ ግን አንዲት የመከላከያ ቃል አልወጣቸውም። አክስታችንን ዕድሜ ልካቸውን ያመማቸው ይህ ዝምታ ነው። ለሠፈሩ ዛፍ ሁሉ ሲቆሙ፣ ለእሳቸው የቆመ ሰው አላዩም።

የወንድማቸውን ልጅ፣ አሁን ይህን የምታነብላችሁን፣ ወላጆቿ ሲያልፉ ወስደው አሳደጉ። በሒሳብ ወድቃ በመጣች ጊዜ አናጺው ቢቆጡ፣ "ተዋት፣ ለዘንድሮ ዋሷ እኔ ነኝ" ተብሎላታል። በዓመቱም ፈተናውን አልፋለች።

በቅርቡ አክስታችን የጉበት ሕመም አድሮባቸው በሠሩበት ሆስፒታል ተኙ፤ ምናልባትም ራሳቸው በሰፉት አንሶላ ላይ። ሐኪሟ መድኃኒቱ እንዳልሠራላቸው ስታስረዳን፣ አናጺው ከወንበራቸው ተነሥተው በአልጋውና በእሷ መሀል ገቡ።

"ተዋት" አሉ። "ለዘንድሮ ዋሷ እኔ ነኝ።"

ሐኪሟ ለማን እንደተናገሩ ግራ ገባት። አክስታችን ግን ገብቷቸዋል። ዓይናቸውን ገልጠው ባለቤታቸውን ብዙ አዩአቸው።

"ከመቅረት መዘግየት ይሻላል" አሉና እጃቸውን ዘረጉላቸው።

ዋስትናው ዓመቱን አላደረሰም። አክስታችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው፣ እጃቸው በአናጺው እጅ እንዳለ ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ያሳደጓትን ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እሳቸው የቆሙላቸውን የሠፈር ዛፎች ትተዋል። እኛን በጣም ናፍቀውናል፤ ገና ከአሁኑ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዋስ በማይጠየቅበት ቦታ ያሳርፍልን።