ቴፕ መቅረጫው ለምራቴ ነው

እኔ የዚህ ስቱዲዮ ባለቤትና ድምፅ ቀራጭ፣ ሐኪሙ ልቤ መድከሙን ቢነግረኝም አእምሮዬም ጆሮዬም ሙሉ ሆነው፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ቅዳሜ ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን በመቅረጫ ክፍሌ ተቀምጬ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን የመጨረሻ ቃሌን አስጽፌአለሁ።

የምኖርበት ቤት ለልጄና ለምራቴ እኩል ይሁን። ኮምፒዩተሮቹና የስቱዲዮው ስም የልጄ ናቸው። ኮምፒዩተሮቹን ያስገባው እሱ ነው፤ ደንበኛ ያበዛልንም እሱ ነው፤ አልክድም። ከማንም ጋር የቀረ ዕዳ የለኝም።

ባለ አምፖሉ ትልቁ ቴፕ መቅረጫ ግን ለምራቴ ነው። ምክንያቱም ይጻፍ።

ልጄ ይህን ማሽን "የእማዬ ቁም ሳጥን" እያለ ደንበኛ ሲያስቅበት ኖሯል። የአበባ ማሰሮም አኑሮበታል። እኔ ታምሜ ስተኛ ደግሞ የሆቴል መግቢያ ጌጥ እንዲሆን ሊሸጠው ተስማማ። ሊጫን በተቃረበበት ሳምንት "ነጎድጓድ" የምንላት ዘፋኝ ልትቀረጽ መጣች። እሷ ድምፅዋን ስትለቅ ኮምፒዩተሩ ከልኩ ያለፈውን ጫፍ ቆርጦ ይጥለዋል፤ የሚሰማው ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው። ልጄ ከማይኩ ራቂ፣ ቀስ በይ እያለ አሰለቻት። በመጨረሻ ቀስ የምትል ዘፋኝ እንዲፈልግ ነግራው ቦርሳዋን አነሣች።

ይህን ጊዜ ምራቴ ማሰሮውን አወረደች። ቴፑ እየነካው የሚያልፈውን የማሽኑን ራስ በስፒሪት ጠረገች፤ የዘፋኟንም ድምፅ መጀመሪያ በቴፑ አሳልፋ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባችው። ነጎድጓድ እንደ ልቧ ለቀቀችው። ቴፑ ሲጠግብ አይቆርጥም፤ ጫፉን ያለዝበዋል። ድምፅ የሚያጎላው አምፖሉም ከራሱ ጥቂት ጨምሮ ድምፁን ያወፍረዋል። አልጋዬ ላይ ሆኜ በግድግዳው ሰማሁት። ዱላዬን ሳልይዝ ተነሥቼ ስመጣ ልጄ ስልክ ይዞ ለሆቴሉ "አይሸጥም" ሲል ደረስሁ። ይህን ቃል ሳልሰማ እሞታለሁ ብዬ ነበር።

ምራቴ ሆይ፣ ማሽኑን አታምልኪው። የሚያምረው ንጹሕ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚያበላሸውን አሳምሮ ስለሚያበላሽ ነው። ለስለስ ያለ ፒያኖ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገቢው፤ ቴፑ ከበስተኋላ ሽሽ እያለ ይረብሸዋል። ማሽኑ ላይ ዳግመኛ አበባ የሚያኖር ሰው ቢኖር ከውርሴ ነቅዬዋለሁ።

ልጄ ማሽኑን ሲፈልግ ምራቴን ያስፈቅድ።

ይህ ሲጻፍ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እማዬ፣ የገዛ ሚስቴን ላስፈቅድ?" አለ።

"ለመሸጥ አላስፈቀድኸኝም፤ ለመቅረጽ አስፈቅደህ ትለምደዋለህ" አልሁት።

ልጄ ወደ ሚስቱ ዞረና፣ "እሺ እመቤቴ፣ ሰኞ ትፈቅጂልኛለሽ?" አላት።

"ነጎድጓድ ስትጨርስ። ወረፋ ያዝ።"

ምስክሮቹ ሳቁ። ልጄም ሳቀ። ሳቃቸው ይጻፍልኝ፤ መስማማቱን አየሁበት።

እንግዲህ ዘፋኟ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ትጠብቃለች። የዛሬውን ቀረጻ የምመራው እኔ ነኝ። ምስክሮች ቶሎ ፈርሙና ከክፍሌ ውጡልኝ፤ ቴፑ ሊዞር ነው።

ተናዛዥ፦ የስቱዲዮው ባለቤት (ፊርማ)

ቃሏን ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን የፈረምን ምስክሮች፦
ባስ ጊታር ተጫዋቹ (ፊርማ)
ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ (ፊርማ)
ሐኪሟ (ፊርማ)
ይህን ቃል የጻፍሁት ጡረተኛ መምህር (ፊርማ፤ ከበሩ ውጭ)