ከኋላዬ የነበረው ድምፅ

ኅዳር 3፣ ጠ. 1 ሰዓት

ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። ዝንጅብል ቀጥቅጬ አሰርኩበት። ሜዳ መሄድ አለብኝ። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፤ መስመሩን በኖራ ማስመር የኔ ሥራ ነው። ገመድ ወጥሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ኖራውን መበተን። ጎንበስ ማለቱ ነው የሚገድለኝ። ካርቱም ላይ በነዚህ ጉልበቶች ስንቱን አጥቂ አስቁሜያለሁ። ዛሬ ባጃጅ ስገባ በእጄ አንስቼ ነው የማስገባቸው።

ደብተሬ፣ ትናንት ከሰው አላወራሁም። ባለባጃጁ «ጋሽ ሱዳን፣ የት ላድርስህ?» ካለኝ በቀር። ሱዳን ተጫውቼ ስለመጣሁ ለዲላ ሰው ሱዳን ሆኜ ቀረሁ። ታደሰ ብላ የምትጠራኝ ያረፈችው ሚስቴ አስቴር ብቻ ነበረች።

ያው ቀን፣ ማታ 1

ልጄ ምሕረት ከሐዋሳ ደወለች። ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ቤቱን አከራይቼ እሷ ጋ ልገባ ተስማምተናል። ተከራይ አገኘሁ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። እሺ አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ቤቱን አየሁት። ምን ቀረኝ እዚህ? ምንም። ግን ዛሬም ጀርባዬን ለኩሽናው በር ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት። አስቴር ከዚያ ሆና ስታወራኝ ዞሬ አላያትም ነበር። መዞር አያስፈልገኝም።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት 9

ኢድሪስ ደወለ!

ካርቱም በረኛችን ነበር። እኔ መሀል ተከላካይ፣ እሱ ከኋላዬ። ተከላካይ ወደ ኋላ አያይም፤ ካየ አጥቂው አለፈው። የኋላውን የሚያየው በበረኛው ድምፅ ነው። ሌላው በረኛ አደጋ ሲመጣ ብቻ ይጮኻል። ኢድሪስ ኳሱ እዚያ ማዶ ሆኖም ይጠራኛል። ታደሰ፣ ከኋላህ ነኝ። ታደሰ፣ ከኋላህ ነኝ። ደጋፊው ይስቅበት ነበር። እኔ ግን በዚያ ድምፅ ነው የተጫወትኩት።

ጦርነቱ አፈናቅሎት በመተማ ገብቶ አ.አ. ነው ያለው። ካገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል። የራሱ ልጆች ግብፅ ናቸው። ሚስቱ ድሮ አርፋለች። ቁጥሬን ካርቱም ከነበረ ያገራችን ሹፌር አግኝቶ።

ዓረብኛዬ ዝጓል፣ ግማሹ አመለጠኝ። ሰላምታቸው ግን ያው ነው፣ አያልቅም። ጤናህ? ታማም፣ ደህና ማለቴ ነው። ልጅህ? ታማም። ጉልበትህ? ታማም። አስቴርስ? ታማም።

አልሐምዱሊላህ ብሎ አለፈ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ኅዳር 6፣ ጠ.

አልዋሸሁም፣ አፌ ነው የቀደመኝ ብዬ ጸለይኩ። ዋሽቻለሁ ብዬም ጸለይኩ። እ/ር የቱን እንደሰማኝ እንጃ።

ዛሬ ደውዬ አስተካክላለሁ።

አልደወልኩም።

ኅዳር 9፣ ማታ

በየቀኑ ይደውላል። መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው። ካርቱም ሳለን አንድ ግቢ ነበርን። አስቴር ከዚህ የወሰደችውን ቆጮ አብልታዋለች። ከምንድነው የሚሠራው አላት። እንሰቱን አስረዳነው። አጅሬ፣ ዛፍ ነው እንዴ የምታበሉኝ ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሳህኑን ጠረገው። ዛሬ ያን አስታውሶ፣ ዛፏን ትሠራለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትሠራለች አልኩ። ይሄኛው ከአፌ ያመለጠ አይደለም። አስቤ ነው ያልኩት።

ሰላም በልልኝ አለ። ፎቶዋ ፊት ቆሜ፣ አስቴርዬ፣ ኢድሪስ ሰላም ብሎሻል አልኳት። ድምፄ ቤቱን ሞላው። ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ።

ደብተሬ፣ አሁን አስቴር በሕይወት ያለችው እሱ ጋ ብቻ ናት። ከነገርኩት እዚያም ትሞታለች።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት

ክፉ ዜና። አብረውት ያሉት ልጆች መንገድ ተገኝቶላቸው በዚህ ሳምንት ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። እሱ አይሄድም። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ብቻውን አስፋልት አይሻገርም። እየሳቀ ነው የነገረኝ፦ ድሮ ኳስ አያልፈኝም ነበር፣ አሁን መኪናውም እያለፈኝ ነው።

ሳላስበው እኔ ጋ ና አልኩት። ቤቱ የአስቴር ነው፣ እሷ ትፍቀድ፤ ጠይቃትና ነገ ንገረኝ አለ።

አየህ የገባሁበትን? ፈቅዳለች ብለው፣ መጥቶ ባዶ ቤት ያገኛል። እውነቱን ብነግረው እስካሁን ስቀልድበት እንደነበረ ይቆጥረዋል። ዝም ብዬ ሐዋሳ ብገባስ? ምሕረት ጋ መኝታዬ ተነጥፏል። እሱ ግን አ.አ. ላይ በሩን እየዳበሰ።

ኅዳር 12

ቤ/ክ ሄድኩ። የተሰበከውን አልሰማሁም። ስወጣ ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙና፣ ወንድሜ፣ የከበደህ ነገር አለ አሉኝ። የለም አልኩ። ደግሞ ዋሸሁ።

ከዚያ ሜዳ። ኖራው እጄ ላይ እንዳለ፣ ግቡ አጠገብ ቁጭ ብዬ ደወልኩለት።

በተሰባበረች ዓረብኛዬ ነገርኩት። አስቴር የለችም። አርፋለች። ያኔ ታማም ያልኩህ አፌ ነው፣ በኋላ ያልኩህ ግን እኔ ነኝ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አለ። እያለቀሰ ነው። ደግሞ ተቆጣ። አንተ ሰው፣ ያን ሁሉ ሰላምታ ለማን ስታደርስ ነበር? ለሷ አልኩት። አድርሻለሁ፣ አንድም አላስቀረሁም።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። እንግዲህ ለእንግድነት አልመጣም፣ ለቅሶ ልደርስ ነው የምመጣው አለ። ለለቅሶ ፈቃድ አልጠይቅም። በእኛም በእናንተም አይጠየቅም።

ቀጥሎ ያችን ነገር አላት። ታደሰ፣ ከኋላህ ነኝ። ሜዳው ባዶ ነው። ሰው ቢያየኝ ይሄ ሽማግሌ ምን ነካው ይለኝ ነበር። ዞሬ ግቡን አየሁት።

ኅዳር 13፣ ጠ.

ለምሕረት ደውዬ ኢድሪስ እኔ ጋ ሊገባ ነው አልኳት። ተቆጣች። አባዬ፣ ተከራዩ ቀብድ ሊሰጥ ነው እኮ! ዓይኑ የማያይ ሰው አንተ ነህ የምትጦረው? ያንተን ጉልበት ማን ይዞት? የምትለው ሁሉ ልክ ነው። አስጨርሼ ለእናትሽ ለቅሶ ነው የሚመጣው አልኳት። ያኔ ቆመች። ለእማዬ? አዎ። እስካሁን አልሰማም ነበር? አልሰማም። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። ተከራዩ ሌላ ይፈልግ አለች። እኔም እመጣለሁ፣ ለቅሶው ላይ ብቻህን አትሆንም፤ ዓይኑንም እዚህ ሐዋሳ እናሳየዋለን።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 10

የእድራችን ዕቃ ያለው ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ጋ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር ስጪኝ አልኳት። ማን ሞተ? አስቴር አልኳት። ደንግጣ አየችኝ። አሁን የሰማ ሰው አለ ብዬ አስረዳኋት። ከየት ነው? ከሱዳን። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ጋሽ ሱዳን፣ ጭራሽ ሱዳን ራሷ ልትመጣልህ?» አለችና ሳቀች። ቀጥላ ለአንድ ሰው አግዳሚ ምን ያደርጋል አለች። መልሴን ሳትጠብቅ፣ «ሁለት ውሰድ። አንዱ ላይ እኔ አለሁ» አለች። ለሱም ቆጮ ልታዘጋጅ ነው።

ኅዳር 14፣ ጠ. 11 ተኩል

ወደ አ.አ. በመጀመሪያው መኪና። ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ። መናኸሪያው ውስጥ ትከሻዬን ይዞ ይከተለኛል፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ የለመድነው ነው።

ጉልበቴን ጠበቅ አድርጌ አስሬዋለሁ። ቁልፉ እትዬ ዘነበች ጋ። አግዳሚዎቹ በረንዳው ላይ። የኢድሪስን አልጋ በኩሽናው በኩል ካለው ክፍል አነጠፍኩ። ወንበሬን ወደ ውጭው በር ላዙረው ብዬ ነበር፣ እንግዳ ሲገባ ለማየት። አንስቼውም ነበር። መለስኩት። እንደነበረው ይሁን፣ ጀርባው ወደ ኩሽናው...

ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ።