ሳጥኔ ውስጥ የደበቅኳቸው አራት ቁራጮች

ለምወድሽ ለበኩር ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የሚያስቸግርሽ ጨጓራ ተወሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ ሕመም ጋር በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ነው። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ የምለውን እንዳታሳምር ብዬዋለሁ።

ፋብሪካችን ከፍታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚታጠቁትን ቀበቶ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። የእኔ ሥራ የቀበቶውን ቁራጭ በማሽኑ መንጋጋ አስሬ እስኪበጠስ መጎተት፣ በየደረጃው ስንት እንደተለጠጠ ማስመዝገብ ነው። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አይጠፋኝም። ዘንድሮ አዲስ ክር መጣና ሁለት መሐንዲሶች ተጣሉ። ረጅሙ «ይህ ክር ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል» ብሎ አጭር ቀመር አወጣ። መነጽራሙ ደግሞ «በተጎተተ ቁጥር ይደክማል» ብሎ ብዙ ቁጥር ያለበት ቀመር ይዞ መጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ላከ። ያንቺው ሥራ መሆኑ ነው። ሁለቱንም እኔ ከለካኋቸው ሠላሳ ቁራጮች ጋር አስተያየቻቸው፤ ለልኬቱ የቀረበ ነጥብ ያገኛል፣ ቁጥር ያበዛ ነጥብ ይቀነስበታል። ረጅሙ አሸነፈ። «አባባ፣ ልኬትዎ እንዴት የጠራ ነው!» ብላ አመሰገነችኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ልጄ፣ የጠራው እኔ ስላጠራሁት ነው። አራት ቁራጮች ተለጥጠው አልተመለሱም፤ ደጋግሜ ስጎትታቸው በትንሽ ጉልበት ተበጠሱ። በደንብ ሳላስራቸው ቀርቼ መሰለኝ። እጁ አረጀ እንዳይሉኝ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኳቸውና በምትካቸው ሌላ አራት ጎተትኩ። ቆይቼ አውጥቼ ሳያቸው የመንጋጋው ጥርስ ምልክት ቦታው ላይ ነው። አልተንሸራተቱም። የተበጠሱት መሐላቸው ላይ ነው።

ለአለቃው ነገርኩት። «አባባ፣ ጡረታ ሲደርስ ሰው ይፈራል፤ ሒሳቡ አልቋል» ብሎ ሳቀብኝ። ቀበቶው ተሰፍቶ ተሸጠ። አንዱ የደረሰው የሕንፃ መስታወት ለሚወለውለው ለወንድምሽ ነው። አትታጠቀው ስለው «ደግሞ ሥራ ልታስፈታኝ ነው?» አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ቀበቶውን በቢላ ቆረጥኩት። የመሥሪያ ቤት ንብረት አበላሸህ ብለው አባረሩት። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደርን አያናግረኝም። ይሁን። መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚያኮርፈኝ።

ያንኑ ቀበቶ የታጠቁት የቀሩት ሃምሳ ሰዎች ግን ዛሬም ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለዋል። ወደ ላይ ሳይ ውዬ አንገቴ ደነዘዘ። አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር ሰው ይመስለኛል። ጨንቆኛል ልጄ፤ የሚሰማኝ አጣሁ። አራቱን ቁራጮች ከነልኬታቸው፣ የሠላሳውንም ዝርዝር ግልባጭ ልኬልሻለሁ። ሁሉንም ደባልቀሽ ሁለቱን ቀመሮች እንደገና አወዳድሪና ውጤቱን በማኅተም ለዋናው መሥሪያ ቤት ላኪ፤ ዛሬ ነገ አትበይ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። አማትሽን እግርዎ ተሻለዎት ወይ ብሏል በያቸው። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ሕፃኑን ጉንጩን ሳሚልኝ። እናትሽ ትስምሻለች። ወንድምሽም አፉ ቢፈታ ሰላም ይልሽ ነበር።

ደብዳቤውን ስትጽፊ «አባቴ ልኬት ደብቋል» ብለሽ ጀምሪ። ልብስ ሰፊው ይህን አልጽፍም ብሎኝ ሁለት ጊዜ ነው ያዘዝኩት። ለስሜ አትሳሺ።

አባትሽ
ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ካለው ቤታችን
ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን