ቫይረስ የማይደርስበት ቢሮ

ጥቅምት 6
የመጨረሻውን ኮምፒውተር ዛሬ ቫይረስ አይደፍረውም ወደሚባለው ሊኑክስ ቀየርኩ። ካዛንቺስ ያለው ቢሯችን በሙሉ ከዊንዶውስ ተገላገለ። አለቃዬ አቶ ለሊሳ፣ "ታዲያ ቫይረስ ቀረ በለኛ?" አሉኝ። "በቃ፣ ይርሱት!" አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። የማኅደር ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ጀማነሽ ብቻ አኮረፉ... የለመዱት ሁሉ ቦታው ተቀየረባቸው።

ጥቅምት 14
ጠዋት በቴሌግራም አንድ ፋይል ደረሰኝ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ዝርዝር ወጣ ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት! አወረድኩት። ኮምፒውተሩ ምንጩ የማይታወቅ ፕሮግራም ነው ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ጠየቀኝ። አስገባሁ... ስሜን ለማየት ቸኩዬ። ባዶ መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ።

ከምሳ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ያለው ማኅደር በሙሉ ተቆለፈ። መጠባበቂያ ቅጂውም አብሮ። ጠዋት የከፈትኩት ፋይል ትዝ አለኝ።

ጥቅምት 15
ስብሰባ። አቶ ለሊሳ፣ "ቫይረሱ በየት ገባ?"

"ምናልባት... በፍላሽ።" አልኩ! ፍላሽ የሚሰካ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ወይዘሮ ጀማነሽ ብድግ አሉ። "እኔ? የልጄን የሰርግ ፎቶ ነው እኮ ያየሁት!" ስማቸው ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 18
ወይዘሮ ጀማነሽን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠርቷቸዋል። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸው... ከሥራ ስንወጣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። "ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ። ፍላሽ እንዲህ ያደርጋል?"

"እስኪ አየዋለሁ" ብዬ ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ለካ ወደ ጎተራ የሚሄድ ነው። ቤቴ በስታዲየም በኩል!

ጥቅምት 19
ሊኑክስን ሳማ ዋልኩ። ግን ምን አጠፋ? አስጠነቀቀኝ፣ ጠየቀኝ። ዘበኛው እንግዳውን አስቁሞ፣ ባለቤቱ አስገባው ካለው ምን ያድርግ? ነገ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 20
ተናገርኩ። ፋይሉን፣ ፓስወርዱን፣ ሁሉንም። አቶ ለሊሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ወይዘሮ ጀማነሽ ነጻ ወጡ። እኔ ፓስወርዱን ተቀማሁ። ውሳኔ እስኪሰጠኝ ማኅደር ክፍል ገብቼ የወረቀቱን መዝገብ እንደገና ስካን ላደርግ ነው። በወይዘሮ ጀማነሽ ሥር።

ጥቅምት 25
አምስት ቀን አላናገሩኝም። ፎልደሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው ይሄዳሉ። ዛሬ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

"ያ የዕጣ ዝርዝር ያልከው... ለኔም ደርሶኝ ነበር።"

"ከፈቱት?"

"ልከፍተው ስል የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ጠየቀኝ። የለኝማ። ተውኩት።"